ከደጋው ሰማይ እስከ አትላንቲክ

ነሐሴ 6 ቀን 1992 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2000) አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ላይ አልቤርቶ የሚባል ሀሪኬን የኃይሉ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነፋሱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። የትኛውንም አህጉር ግን አልመታም። ባሕሩ ላይ አንድ ሰፊ ዙር ዞሮ ወደ ሰሜን ነጎደና፣ ከተነሣ ሃያ ቀን ገደማ ሲሆነው ከሰመ። ቤት ያላፈረሰ ማዕበል ቶሎ ይረሳል፤ ይሄኛውም ተረስቶ በቀረ ነበር።

ክሪስቶፈር ሂልና ዩ-ላንግ ሊን የተባሉ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ዱካውን ያዙ። ያደረጉት ለመናገር ቀላል ነው፦ ሜቴኦሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ያነሣቸውን ምስሎች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየገለጡ ማየት። ሀሪኬኑ ስም ከማግኘቱ በፊት በኬፕ ቨርድ ደሴቶች በኩል የሚዞር የደመና ክብ ነበር። ከዚያ በፊት ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወዲህ ያለ የነጎድጓድ ጓዝ ነው። ከዚያም በፊት በሳህል ሰማይ አንዴ እየከሰመ አንዴ እየተነሣ የሚጓዝ የደመና ክምር ነበር። ዱካው ወደ ምሥራቅ ሲሳብ ሲሳብ መጨረሻው የኢትዮጵያ ደጋ ሆነ፤ በሐምሌ ወር ተራሮቻችን ላይ የተሰበሰበ ነጎድጓድ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ።

የዚያን ቀን ስጡን ያስገባ፣ ከብቱን ወደ በረት የነዳ፣ ጣሪያው ቢያፈስበት ጣሳ የደቀነ ሰው ሁሉ ውቅያኖስ የሚሻገር ነገር ከራሱ በላይ ሲወለድ አላወቀም። ሊያውቅም አይችልም። እንዲህ ያለ ዕድሜ የሚያገኘው ከስንት አንዱ ነው፤ አብዛኛው የክረምት ነጎድጓዳችን በተነሣበት ወረዳ ወይም ሱዳን ሳይደርስ ያልቃል። እኔን በዚህ ታሪክ የሚይዘኝ ርቀቱ አይደለም። ይህ ሁሉ ዱካ የተነበበው ከላይ መሆኑ ነው። ሳተላይት የሚያየው የነጎድጓዱን ጣሪያ ነው፤ እኛ የምንኖረው ደግሞ ወለሉ ላይ። በረዶው፣ መብረቁና ጎርፉ ያለው ወለሉ ላይ ነው። የትንበያ ባለሙያ ሥራ ከጣሪያው ተነሥቶ ወለሉን መገመት ነው ቢባል ብዙ አልተሳሳተም።

ነገሩ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በብራ ጠዋት ነው። ክረምቱን ደብረ ታቦር የከረመ ሰው ያውቀዋል። ሌሊቱን ሲዘንብበት ያደረው መሬት ፀሐይ ሲያገኘው ይጨሳል፤ የጉና ተራራ ረፋድ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ወደ 5 ሰዓት ግን ከጫፉ በላይ ትንሽ ነጭ ደመና ቁጭ ትላለች። ለምን እዚያው ተራራው ላይ? ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ፀሐይ ጎኑን ስታሞቀው፣ ገደሉን የነካው አየር በዚያው ከፍታ ሜዳ ላይ ከተንሳፈፈው አየር ይልቅ ይሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ነው፤ ዳገቱን ይዞ ይወጣል። ከየሸለቆው የሚወጣው አየር ጫፉ ላይ ይገናኛል፤ መውጫው ወደ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእርጥበት ጉዳይ ነው። በክረምት እርጥበቱ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደኖች በኩል በሚመጣው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ፣ እንዲሁም ከህንድ ውቅያኖስ ይደርሰናል። ወደ ላይ የሚወጣ አየር እየሰፋና እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ደመና እስኪሆን ድረስ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ ያጣል። በቂ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ይመለሳል፤ ሲመለስም ሙቀት ይለቃል። መጠኑን መገመት አይቻልም ያልኩት አንድ የማውቀው መምህር ይህን ስሌት እስኪያሳየኝ ድረስ ነው፦ አንድ ሊትር ውሃ ከእንፋሎትነት ሲመለስ የሚለቀው ሙቀት ሰባት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አንድ ተራ የከሰዓት ነጎድጓድ ደግሞ የሚያወርደው በሊትር ተቆጥሮ አያልቅም። ይህ ሙቀት ደመናውን ከውስጥ ያሞቀዋል። ከአካባቢው አየር የበለጠ ስለሚሞቅ መውጣቱን አያቆምም፤ በወጣ ቁጥር እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ይመለሳል፣ በተመለሰ ቁጥር ሙቀት ይለቃል። በኃይለኛ ነጎድጓድ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው አየር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከታች ሆኖ ላየው ግን ዝም ብሎ የቆመ ነጭ ተራራ ነው።

ከ5,000 ሜትር በላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ነው። ጠብታዎቹ ግን ወዲያው አይረጉም፤ ከዜሮ በታች ቀዝቅዘውም ፈሳሽ እንደሆኑ ይቆያሉ። አንድ የበረዶ ፍሬ በመካከላቸው ሲያልፍ የነካው ጠብታ ሁሉ ላዩ ላይ ይረጋል። ወደ ላይ የሚወጣው ነፋስ እስከተሸከመው ድረስ ያድጋል። ትልቅ የበረዶ ፍሬ አንሥቶ በቢላ ለሁለት የከፈለ ሰው በውስጡ ነጭና ጥርት ያለ ድርብርብ ቀለበት ያያል። ነጩ አየር ያፈነበት፣ በፍጥነት የረጋ ውሃ ነው፤ ጥርት ያለው ደግሞ ቀስ ብሎ የረጋ።

ደጋው በበረዶ የሚጎዳበት አንዱ ምክንያት እዚህ ጋ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበረዶው መስመር እስከ መሬቷ ያለው ርቀት 2 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ፍሬው ሞቃት አየር ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ስለሆነ ሳይሟሟ የባቄላውን አበባ ይደርስበታል። ከ1,000 ሜትር በታች ባለችው መተማ ላይ ያው ደመና ያንኑ ፍሬ ቢጥል ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ በሙቀት ውስጥ መውረድ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ዝናብ ሆኖ ይደርሳል። ቆላው ሰው ጠብታው ለምን እንደዚያ ትልልቅና ቀዝቃዛ እንደሆነ ባይጠይቅም ሲዘንብበት የነበረው የቀለጠ በረዶ ነው።

መብረቁም የሚሠራው እዚያው በረዶው መሃል ነው። ትንንሽ የበረዶ ቅንጣቶች ከከባዶቹ ጋር ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ሙል ይለዋወጣሉ። ቀላሎቹ አዎንታዊውን ይዘው ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ከባዶቹ አሉታዊውን ይዘው ዝቅ ብለው ይቆያሉ። ልዩነቱ አየሩ ሊቋቋመው ከሚችለው ሲያልፍ ይፈነዳል። የመብረቁ መንገድ ለቅጽበት እስከ 30,000 ዲግሪ ይሞቃል፤ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ማለት ነው። በድንገት የተለጠጠው አየር ድምፁ ነጎድጓድ ነው። ብልጭታውን አይቶ ድምፁን የጠበቀ ሰው ለየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ቢቆጥር ርቀቱን ያገኛል። መብረቅ ደግሞ ዝናቡ ካለበት 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ይመታልና፣ ራስጌው ገና ብራ ስለሆነ ብቻ ከዛፍ ሥር የሚቀመጥ እረኛ የሚያገኘው ጥበቃ የለም። ዝናቡ ሲጀምር ወደ ዛፉ የሚሮጥማ የባሰ ነው።

የደመናው ጫፍ በኛ አካባቢ 16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በላይ አየሩ እየቀዘቀዘ መሄዱን ስለሚተው የሚወጣው ደመና ከአካባቢው ሞቆ መቀጠል አይችልም፤ ወደ ጎን ይዘረጋል። በክረምት በዚያ ከፍታ ከእስያ በኩል ወደ አፍሪካ የሚነፍስ ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ ስላለ ጠፍጣፋው አናት ወደ ምዕራብ ይጎተታል። ጎጃም ላይ ሳይዘንብ ሰማዩ በቀጭን ነጭ ሻሽ የሚሸፈንበት ከሰዓት በኋላ አለ፤ ምሥራቅ ላይ የሆነ ቦታ ሌላ ሰው እየተቀጠቀጠ ነው።

ከዚያ መውረዱ ይመጣል። ዝናብና በረዶ ሲወርዱ አየሩን ይጎትቱታል፤ የሚተን ጠብታ ደግሞ ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛው አየር መሬት ሲደርስ በየአቅጣጫው ይፈሳል። ከዝናቡ ቀድሞ በሩን የሚያጋጨው፣ የርጥብ አፈር ሽታ ይዞ የሚመጣው ውሽንፍር ይሄው ነው። እናቶች «ልብሱን አስገቡ» የሚሉት በዚህች ደቂቃ ነው፤ ትክክልም ናቸው፤ ነፋሱ የደረሰው ከሚዘንብበት ሰማይ ነውና። ይህ ቀዝቃዛ አየር ሌላም ሥራ አለው። እንደ ጎርፍ በሸለቆው እየፈሰሰ በፊቱ ያለውን ሞቃት አየር ከሥሩ ገፍቶ ያነሣዋል፤ ያ የተነሣው አየር አዲስ ነጎድጓድ ይሆናል። አንዱ ሌላውን እየወለደ ሲገናኙ የተለያዩ ደመናዎች መሆናቸው ይቀርና አንድ ሥርዓት ይሆናሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም መኖር የሚችለው እንዲህ ያለው ነው።

ሮበርት ማዶክስ የተባለ አሜሪካዊ የአየር ሁኔታ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1980 ለእነዚህ ትልልቅ ክምሮች መለኪያ አወጣ። መለኪያው ሙሉ በሙሉ የጣሪያ ነው፦ ከዜሮ በታች 32 ዲግሪና ከዚያም በላይ የቀዘቀዘው የደመናው አናት ቢያንስ 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሸፈን አለበት፤ በውስጡ ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ የደረሰው ደግሞ 50,000። ቅርጹ ወደ ክብ የተጠጋ ሆኖ ይህን ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ማቆየት አለበት። 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጣና ሐይቅን ከሠላሳ ጊዜ በላይ ይውጣል። አልቤርቶን ቀድሞ ከደጋችን የተነሣው ክምር የዚህ ዓይነት ነበር።

ታዲያ ቅዝቃዜን ከ36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት እንዴት ይለካሉ? ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በዚያ ከፍታ ሆኖ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት ስለሚዞር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል። ሜቴኦሳት ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ በስተደቡብ፣ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ራስጌ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ መላውን አፍሪካና አውሮፓን በአንድ እይታ ያገኛል። የመጀመሪያው የተመጠቀው በኅዳር 1970 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1977) ነው። ዋናው ዓይኑ ብርሃን የሚያይ አይደለም። ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን የኢንፍራሬድ ጨረር ይለቃል፤ ሌሊትም ቢሆን። ሞቃት መሬት ብዙ፣ 16 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ የደመና አናት ጥቂት። ስለዚህ ጨረሩ ሲለካ ሙቀቱ ይታወቃል፤ ሙቀቱ ሲታወቅ ከፍታው ይገመታል።

በትንበያ ክፍል ስክሪን ላይ ይህ በቀለም ይወጣል። ሞቃቱ መሬት ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፤ ደመናው ነጭ፤ በጣም የቀዘቀዘው አናት ደግሞ ባለሙያው እንደመረጠው ቀይ ወይም ጥቁር ይቀባል። ከ7 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ያሉትን ምስሎች አከታትሎ ላጫወታቸው ሰው ትርኢቱ ግልጽ ነው። መጀመሪያ በተራሮቹ መስመር ላይ ነጠብጣብ ይታያል። ነጠብጣቡ በሁለት ምስል መካከል ያብጣል፤ አንዳንዱ ከዜሮ በታች 20 ከነበረበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በታች 60 ይገባል። ባለሙያውን ከወንበሩ የሚያስነሣው የቅዝቃዜው መጠን ብቻ አይደለም፤ የተሻገረበት ፍጥነት ነው። ፈጥኖ የሚቀዘቅዝ አናት ፈጥኖ የሚወጣ አየር አለው።

ሁለተኛው ምልክት ጣሪያውን የሚበሳው ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚወጣው አየር ብርቱ ከመሆኑ የተነሣ መቆሚያውን አልፎ ከጠፍጣፋው አናት በላይ ይጎነቁላል። ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታጋድል፣ በብርሃን በተነሣው ምስል ላይ ያ ጉብታ ወደ ምሥራቅ ጥላ ሲጥል ይታያል። እንዲህ ያለ ጉብታ ከአሥር ደቂቃ በላይ በቦታው ከቆየ ከሥሩ በረዶ፣ ብርቱ ነፋስ ወይም ዶፍ የመኖሩ ነገር ተራ ጥርጣሬ አይደለም።

የምስሉ ድግግሞሽ ወሳኝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አልቤርቶ በተወለደበት ዓመት ይሠራ የነበረው ሜቴኦሳት 7 ሙሉውን ገጽ በየ30 ደቂቃው፣ በሦስት ዓይነት ጨረር ብቻ ያነሣ ነበር። በ30 ደቂቃ ውስጥ አንድ ነጎድጓድ ተወልዶ፣ በረዶውን ጥሎ መክሰም ይችላል። ቀጣዩ ትውልድ በየ15 ደቂቃው፣ በአሥራ ሁለት አደረገው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የተመጠቀውና ሜቴኦሳት 12 የተባለው አዲሱ ሳተላይት በየ10 ደቂቃው በአሥራ ስድስት ያነሣል። ከዚህ የበለጠ ለኛ የሚጠቅመው ግን የተሸከመው የመብረቅ ካሜራ ይመስለኛል። አራት ዓይን አለው፤ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ያያል። መብረቅ ኦክስጅንን ሲያግለው የሚወጣውን አንድ ዓይነት ከቀይ አለፍ ያለ ብርሃን ብቻ ለይቶ ስለሚመለከት፣ ፀሐይ ያበራችው ነጭ ደመና ላይ በቀትርም ብልጭታውን ያገኛል። የመብረቁ ቁጥር በድንገት ሲዘል በደመናው ውስጥ የሚወጣው አየር ጨምሯል፣ በረዶውም በዝቷል ማለት ነው፤ መሬት ላይ የከፋው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝላይ በኋላ ይከተላል። የሚገኘው ደቂቃ ነው፤ ግን ከብት ወደ ቤት ለማስገባት ደቂቃ ይበቃል።

እስከዚህ ድረስ ጣሪያው። ወለሉ እንዲህ በቀላሉ አይታይም።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ድሬዳዋን ደቻቱ ወንዝ ጠራርጓት ሄደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳሩ ላይ ይኖራል። ጎርፉን የሠራው ዝናብ የዘነበው በብዛት ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛው ትውልድ ሜቴኦሳት በየሩብ ሰዓቱ እያነሣ ነበር። ሆኖም የቀዘቀዘ አናት ያለበትን ማወቅና ውሃው በየትኛው ሸለቆ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሜትር ሆኖ እንደሚወርድ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተዳፋቱ ገደል፣ አፈሩ የተራቆተ፣ መንገዱ አጭር በሆነበት ቦታ በተራራው ዝናብና በከተማው ጎርፍ መካከል ያለው ጊዜ በጣም ትንሽ ነው። ያን ሌሊት ደግሞ ሰው ተኝቷል።

ሳተላይቱ በሁለት መንገድ ይስታል። ጠፍጣፋው አናት ከሥሩ ካለው ዝናብ እጅግ ይሰፋል፤ በምስሉ ላይ ቀይ የተቀባ ወረዳ ጠብታ ላያይ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ እርጥብ ነፋስ ዳገት ላይ ሲገፋ ከፍ ሳይል የሚዘንብ ደመና አለ። አናቱ ሞቃት ስለሆነ ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ከሥሩ ግን ቀኑን ሙሉ ይዘንባል። ታምሳት የተባለው የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአፍሪካን ዝናብ ደመናው ቀዝቅዞ በቆየበት ሰዓት ብዛት ሲገምት ኖሯል። የትኛው ቅዝቃዜ ዝናብ ነው የሚለውን ግን በየአካባቢውና በየወሩ፣ መሬት ላይ ከተለካ ዝናብ ጋር እያስተያየ መወሰን ነበረበት። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ጣናን ብቻ ብንወስድ፣ በተራሮቹ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚዘንበው ሐይቁ ላይና በደቡብ ዳርቻው ሌሊት ነው፤ ባሕር ዳር የኖረ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ በነጎድጓድ መንቃትን ከማንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ አንድ የብረት ጣሳ ጋ ይደርሳል። በኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሥር ባሉ ጣቢያዎች ዝናብ የሚለካው ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክዳኑን ያነሣል፣ ውሃውን መስመር ባለው ብርጭቆ ይገለብጣል፣ ዓይኑን ከውሃው ጋር አስተካክሎ ያነባል፣ ይጽፋል። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ለዓመታት ሳይቋረጥ የተጻፈ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳተላይቱ ራሱ የሚታረምበት ነው፤ ሥራው ግን ያን ያህል ክብር ሲሰጠው አላየሁም። ችግሩ ቁጥሩ የሃያ አራት ሰዓት ድምር መሆኑ ላይ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ሌሊቱን ሙሉ ካካፋ ለጤፉ በረከት ነው፤ በሃያ ደቂቃ ከወረደ ማሳውን ይዞ ይሄዳል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም 40 ናቸው። ሃያ ደቂቃዋን የሚያውቃት ከላይ ያለው ነው፤ አርባውን የሚያውቀው ደግሞ ከታች ያለው።

ራዳር ሁለቱን ያገናኛል፤ ጠብታውን ራሱን በደመናው ውስጥ ያያልና። ግን ውድ ነው፤ ጨረሩም ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። ሜዳማ አገር በጥቂት ራዳር የሚሸፍነውን ስፋት እንደኛ ያለ ሸለቆና ገደል የበዛበት አገር በእጥፍም አይሸፍነውም። ለዚህ ነው ሌላው ዓለም እንደ ተጨማሪ የሚያየው ሳተላይት ለኛ ዋናው ዓይን የሆነው።

አሁን ደግሞ ደመናው ሳይወለድ በፊት ለማየት የሚሞክር መሣሪያ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2025 የተመጠቀው አዲሱ የሜቴኦሳት ሳተላይት የሚያነሣው ከምስል ይልቅ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት በየከፍታው የሚዘረዝር ልኬት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ የጉና ጫፍ ገና ጥርት ብሎ በሚታይበት ጊዜ፣ በላዩ ያለው አየር ምን ያህል እርጥብ እንደሆነና ቢነሣ እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል መገመት የሚያስችል ልኬት ነው። መሣሪያው የሚያየውን የምድር ገጽ በአራት ቀበቶ ከፍሎ ነው የሚለካው። አውሮፓ ያለችበት ሰሜናዊ ቀበቶ በየ30 ደቂቃው ይለካል፤ ገንዘቡን ያወጡት እነሱ ናቸውና አያስገርምም። ከሱ በስተደቡብ ያሉት ቀበቶዎች፣ የኛም ደጋ ጭምር፣ ተራቸው የሚደርሰው ከዚያ በረዘመ ጊዜ ነው።